ዕዳ የሌለበት ዝርዝር፦ የአስፋልት ዳር ልጅነት በአማርኛ የትዝታ ጽሑፍ

1. መግቢያ

የአማርኛ የትዝታ ጽሑፍ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ ሰፈር ወርዷል። ቀደም ሲል ትዝታውን ለመጻፍ ብዕር የሚያነሣው በአብዛኛው ሹም፣ ሊቅ፣ አርበኛ ወይም መልእክተኛ ነበር፤ የሚጽፈውም ያየው ነገር ለአገር ታሪክ ይጠቅማል ብሎ ነው። ዛሬ ግን ከሹመትም ከዘመቻም ያልደረሰ፣ ካንድ አስፋልት ዳር ያደገ ሰው «የልጅነት ሰፈሬ እንዲህ ነበር» ብሎ ሲጽፍ ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህ በጎ ለውጥ ነው። የተራ ሰው ልጅነት ሊጻፍ የሚገባው ነገር መሆኑን ማመን በራሱ ለሥነ ጽሑፋችን አንድ እርምጃ ነውና።

ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ጠባይ አለ። ጸሐፊው ያደገበትን ጎዳና ከወዲያ ጫፍ እስከ ወዲህ ጫፍ ይደረድረዋል፤ እዚህ ጋ ወፍጮ ቤቱ፣ ከሱ ቀጥሎ ልኳንዳው፣ ከዚያ ፎቶ ቤቱ፣ ከዚያ ዳቦ ቤቱ። ዳቦው ይሸት ነበር፤ ሰዉም ይዋደድ ነበር፤ አሁን ግን ሁሉም የሉም። በማስተምርበት ክፍል ስለ ልጅነት መንገዳቸው እንዲጽፉ የማዛቸው ተማሪዎች የሚያመጡልኝም ከዚህ ብዙ አይለይም። የሰፈሩ ስም ይለዋወጣል እንጂ ድርደራው አንድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ድርደራ መመርመር ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። የአስፋልት ዳር ልጅነት ወደ አማርኛ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣው ለምንድን ነው? ሲመጣስ ለምን ዝርዝር ሆኖ መጣ? ዝርዝሩ ወደ ትረካ እንዲለወጥ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ለመልሱ ከታተሙ ሥራዎች ሌላ እኔ ራሴ ያደግሁበትን የሳሪስን መንገድ እንደ መፈተኛ እጠቀማለሁ። ይህን የማደርገው የኔ ልጅነት ከሌላው ልጅነት ስለሚበልጥ ሳይሆን፣ አንድን የአጻጻፍ ስልት ለመፈተን ጥሬ ዕቃውን በእጅ መያዝ ስለሚጠቅም ነው። ዓመተ ምሕረቱ፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

2. ስለ ቃላቱ

አስቀድሞ ስለምንናገርበት ነገር ስም መስማማት ያስፈልጋል። «አውራ ጎዳና» የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። በአዲስ አበባ ዳር ዳር ያደገ ልጅ የሚያውቀው ቃል «አስፋልት» ነው። «አስፋልት እንዳትሻገር» የሚለው ትእዛዝ ከቤት የሚሰማው የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ «አስፋልት ድረስ ደርሰህ ና» የሚለው ደግሞ የመጀመሪያው ሹመቱ። ስለዚህ ቃሉ የመንገዱን መለበጫ ብቻ አይነግረንም፤ የተፈቀደውንና የተከለከለውን የሚለይ ድንበር ጭምር ነው።

«ሰፈር» የሚለው ቃል ደግሞ «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የመጣ፣ የጦር ማረፊያን ትርጉም በውስጡ የያዘ ነው። የመሀል አዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች ከዳግማዊ ምኒልክ መኳንንት አሰፋፈር የተነሡ በመሆናቸው ስማቸውም የመኳንንቱ ነው፤ ራስ መኰንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እንደሚባለው። በከተማው ዳር ያሉት ግን አመሠራረታቸው ሌላ ነው። ሳሪስ በደብረ ዘይት መውጫ፣ ኮተቤ በደሴ መውጫ፣ አስኮ በአምቦ መውጫ ላይ መንገዱን ተከትለው አድገዋል። በመሀል ከተማ ሰፈሩ ቀድሞ መንገዱ ተከተለ፤ በዳር ከተማ መንገዱ ቀድሞ ሰፈሩ ተከተለ ለማለት ይቻላል። ይህ ልዩነት ለትዝታ ጽሑፍ ትርጉም አለው። የዳር ከተማ ልጅ ዓለሙን የሚለካው ከጌታው ግቢ ሳይሆን ከአስፋልቱ ነውና።

ሦስተኛው ቃል «መቼት» ነው። ይህ የሙያ ቃል «መቼ» እና «የት» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች አጋምዶ የተሠራ መሆኑ ይታወቃል። ሩሲያዊው የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ሚኻይል ባኽቲን ጊዜና ቦታ በልቦለድ ውስጥ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ለማስረዳት ጊዜና ስፍራን ያጣመረ ቃል ተጠቅሟል፤ መንገድንም የማይገናኙ ሰዎች የሚገናኙበት ዐቢይ የትረካ ስፍራ አድርጎ ተንትኖታል። የኛው ቃል ያንኑ ሐሳብ በሦስት ፊደል ይዟል። ድርደራ የበዛበት የትዝታ ጽሑፍ ድክመትም በዚህ ቃል ሊገለጽ ይችላል፤ «የት» አለው፣ «መቼ» የለውም። ሱቆቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ፣ ባንድ ፀሐይ፣ ሳይከፈቱና ሳይዘጉ ቆመዋል።

3. ካየሁትና ከሰማሁት

የቀደሙትን የትዝታ መጻሕፍት ስንመለከት የልጅ መንገድ በውስጣቸው ጠባብ ቦታ ያገኘበት ምክንያት ግልጽ ነው። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ተቀብለው ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» በዋናው የአንድ የቤተ ክህነት ሊቅ የትምህርት፣ የጉዞና የዘመን ምስክርነት ነው። በ1985 የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ከጣሊያን ወረራ ጋር የተያያዘውን የዘመቻና የግዞት ሕይወት የሚተርክ ነው። የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ መጽሐፍ ከ1896 እስከ 1922 ያለውን ዘመን የሚሸፍን ሲሆን፣ ርእሱ «የዘመን ታሪክ ትዝታዬ ካየሁትና ከሰማሁት» ይላል።

በዚህ ርእስ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። «ካየሁትና ከሰማሁት» የሚለው አነጋገር ልማድ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የማስረጃ ሥርዐት ነው። ትዝታ ከሁለት ምንጭ እንደሚቀዳና ሁለቱ እኩል እንዳልሆኑ አስቀድሞ ለአንባቢ ያስታውቃል። በባህላችን ምስክር ሲቆም መጀመሪያ የሚጠየቀው «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ተብሎ ነው። የቀደሙት የትዝታ ጸሐፊዎች ይህን የሸንጎ ጥያቄ ይዘው ነው ወደ ብዕር የመጡት። የልጅነት መንገድን ሳይጽፉ የቀሩትም ምስክርነት የሚፈልግ ጉዳይ ሆኖ ስላልታያቸው ይመስለኛል። ሱቅና ጉልት ማንም የሚያየው ነገር ነውና ማን ይከራከርበታል?

ዛሬ መንገዱ ወደ ጽሑፍ ሲገባ የሸንጎው ጥያቄ ግን ከደጅ ቀረ። የዘመኑ የሰፈር ትዝታ ጸሐፊ ልጅ ሆኖ ያየውን፣ ከታላላቆቹ የሰማውን፣ ካደገ በኋላ ያነበበውንና ባልንጀሮቹ ተሰብስበው ሲጨዋወቱ ያዋጡትን ባንድ ድምፅ ይተርከዋል። «እኛ» የሚለው ተውላጠ ስም ሁሉን ይሸፍናል። «እኛ የሳሪስ ልጆች» ሲባል ማን አየ፣ ማን ሰማ የሚለው ይጠፋል።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። ግንቦት 27 ቀን 1983 ከንጋት በፊት በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በቤታችን የሚተረከው ትዝታ ሰማዩ እንደ ቀላ፣ ምድር እንደ ተንቀጠቀጠ፣ ሰው አንሶላውን እንደ ለበሰ ወደ አስፋልት እንደ ወጣ ነው። ከዚህ ውስጥ ሰማዩን ያየው ታላቅ ወንድሜ ነው። ያን ዕለት ሥራ ላይ የነበረው ኬንያዊው ጋዜጠኛ መሐመድ አሚን በፍንዳታው እጁን ማጣቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ አንብቤ ነው። እኔ ያየሁት ጧት ሱቅ ስላክ ነው፤ ባለሱቁ መሬት ቁጭ ብሎ፣ ከተሰበረው የብርጭቆ ዕቃ ስብርባሪ ውስጥ ደስታ ከረሜላዎችን አንድ ባንድ እየለቀመ በነጠላው ጫፍ ይጠርጋቸው ነበር። ሦስቱም የዚያ ቀን ማስረጃዎች ናቸው። ሦስቱን «እኛ» በሚል ቃል መቀላቀል ግን ትልቁን ነገር አያተልቀውም፤ ትንሹን፣ እርሱም የምስክሩ የራሱ የሆነውን፣ ያጠፋዋል።

4. ከተማው የማን ነው?

የትዝታ ጽሑፋችን መንገዱን ቢተወው ልቦለዳችን አልተወውም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ከተማው በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው። በዓሉ ግርማ በ1962 ባሳተመው «ከአድማስ ባሻገር» የአዲስ አበባን የተማረ ወጣት የኑሮ ውጥረት አሳይቷል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ውቤ በረሃን፣ ማለትም የደጃች ውቤ ሰፈርን የሌሊት ሕይወት፣ መቼቱ አድርጓል። መስፍን ሀብተ ማርያም ወግን እንደ አንድ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘርፍ ሲያስተዋውቅ «የቡና ቤት ስዕሎች» በሚለው ርእስ ራሱ የከተማ ግድግዳ ሊነበብ የሚገባው ነገር መሆኑን አመልክቷል። ከነሱም በኋላ ዓለማየሁ ገላጋይ በ«አጥቢያ» የአዲስ አበባን የሰፈር ሕይወት የልቦለድ ማዕከል አድርጎታል።

ነገር ግን ከእነዚህ በቀደሙት ውስጥ መንገዱን የሚሄድበት ማን እንደ ሆነ እናስተውል። ገንዘብ ያለው፣ ወይም ገንዘብ የሌለው ግን የሚፈልገው፣ የሚጠጣ፣ የሚያፈቅር፣ የሚሠራ ዐዋቂ ሰው ነው። ዐዋቂ ሰው ወደ መንገድ የሚወጣው በራሱ ፈቃድ ነው። ልጅ ግን ተልኮ ነው የሚወጣው። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ግን ከዚሁ ይጀምራል።

5. መላክ እንደ ትረካ ስልት

የኢትዮጵያ ከተማ ልጅ አስፋልቱን የሚያውቀው በመላክ ነው። ይላካል፤ በእናቱ፣ በጎረቤት፣ በእንግዳ፣ አልፎ ሂያጅም ቢሆን ዕድሜው ከፈቀደለት ይልከዋል። «የማን ልጅ ነህ? ና እስቲ ክብሪት ግዛልኝ» ቢባል እምቢ ማለት ነውር ነበር። መላክ ደግሞ በባሕርዩ የተሟላ ትረካ ነው። መነሻ አለው፦ ትእዛዙ። መሰናክል አለው፦ ወረፋው፣ ውሻው፣ ከልጁ የሚበልጠው ልጅ፣ የሚሻገረው አስፋልት። ፍጻሜ አለው፦ ዕቃውና መልሱ። «መልስ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ትርጉም አለው፤ የሳንቲሙም ነው፣ የጥያቄውም ነው። ልጁ ሁለቱንም ይዞ መመለስ አለበት።

በሳሪስ የነበረኝን ልምድ በዚህ መልክ ላቅርበው። ለላምባ ስላክ ጠርሙሱ በወረቀት ውታፍ ይደፈን ስለ ነበር መንገዱን የማስታውሰው በዝግታ ነው፤ ሮጦ መምጣት ማፍሰስ ነውና። ለስኳር ስላክ መንገዱ ወረፋ ነው፤ የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና በካርድ ያከፋፍል ስለ ነበር ካርዱን መጣል ከገንዘብ መጣል ይከፋል። ለጨው ስላክ ግን መንገዱ ንባብ ነው፤ የግል ሱቁ ጨውንና ቡናን ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ በተቀደደ ወረቀት ጠቅልሎ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ግማሽ ዐረፍተ ነገር እያነበብሁ ወደ ቤት እገባለሁ፤ ቀሪው ግማሽ ሌላ ሰው ቤት ገብቷል። ስሙኒ ይዞ የሚሄድና ሽልንግ ይዞ የሚሄድ ልጅ ያው መንገድ አይታያቸውም። በስሙኒ ስትላክ የሚተርፍ የለም፤ በሽልንግ ስትላክ የሚተርፈው አምስት ሳንቲም የማን ነው የሚል ጥያቄ እስከ ቤት አብሮህ ይሄዳል።

መንገዱ ሲታይ አንድ ነው፤ ሱቆቹም ያው ናቸው። ይሁንና በድርደራው የጽሑፍ ስልት ላምባ ቤቱ፣ የቀበሌው ሱቅና የግሉ ሱቅ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ስሞች ይሆናሉ፤ በመላክ ስልት ግን የዝግታ፣ የፍርሃትና የንባብ ሦስት የተለያዩ መንገዶች ይሆናሉ። ሰባኪ ቃል ሳይገባበት አንባቢው የዘመኑን የኢኮኖሚ ሥርዐት ያያል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47 ሐምሌ 1967 የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ ቀበሌ በሰው ማእድ ቤት ድረስ የገባ ነገር መሆኑን፣ ማንም ሳይነግረው፣ በልጁ መዳፍ ላብ ከራሰው ካርድ ይረዳል።

የአስፋልት ዳር መንገድ ሌላም ጠባይ ነበረው። የደብረ ዘይት መንገድ ለሰፈሩ ሱቅ ቢሆንም ለአገሩ የወደብ መንገድ ነበር። ቦቴዎችና ተሳቢ የሚጎትቱ ፊያት መኪናዎች ወደ አሰብ የሚወርዱት በፊታችን ነው። በንጋት ሻይ ቤቱ የሚከፈተው ለእኛ ሳይሆን ለሾፌሮቹ ነበር፤ ጎሚስታውም የሚኖረው በነሱ ጎማ ነው። ኤርትራ በ1985 ነፃ አገር ከሆነች በኋላም አሰብ እስከ 1990 ጦርነት ድረስ ስታገለግል ቆይታ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። «አሰብ» የሚለው ቃል ከሾፌሮች አፍ ሲጠፋ የሰማ ልጅ ስለ ባሕር በር ማጣት ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ ግን የሚያውቀው እንደ ፖለቲካ ሳይሆን እንደ ቃል መጥፋት ነው። የትዝታ ጸሐፊ ድርሻም ይኸው ይመስለኛል፤ ታሪኩን ማስተማር ሳይሆን ቃሉ የጠፋበትን ቀን መመስከር።

6. ታፔላውና ደብተሩ

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በያንዳንዱ ሱቅ ግድግዳ ላይ «ዱቤ ክልክል ነው» ወይም «ዱቤ ነገ ነው» የሚል ጽሑፍ ይታይ ነበር። ከባንኮኒው ሥር ግን የዱቤ ደብተር አለ። የሰፈሩ ኑሮ የሚገኘው በነዚህ በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ነው። ታፔላው ለአላፊ አግዳሚ የተጻፈ ነው፤ ደብተሩ ለሚኖረው። ድርደራ የሚያበዛው የትዝታ ጸሐፊ ታፔላውን ይገለብጣል፤ ተራኪው ግን ደብተሩን ይከፍታል።

የዱቤ ደብተርም እንደ ማንኛውም ዝርዝር ዝርዝር ነው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ሁለት ክብሪት ይላል። ከትዝታው ዝርዝር የሚለየው ግን እያንዳንዱ መስመር ዕዳ ያለበት በመሆኑ ነው። ዕዳ ባለበት ቦታ ቢያንስ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ቀን አለ፤ ተስፋ አለ፤ እፍረት አለ። ሌላው ቀርቶ የገጸ ባሕርይ አሳሳልም አለ፤ የኛ ባለሱቅ ደንበኞቹን በመዝገብ ስማቸው አይጽፍም ነበር። «ባለ ቀይ በሯ»፣ «የጎሚስታው እናት»፣ «አስተማሪው» ብሎ ነው የሚጽፈው። የልቦለድ ጸሐፊ ብዙ ተጨንቆ የሚደርስበትን ማጠር እሱ ለወረቀት ቁጠባ ሲል ያገኘው ነበር።

«የጎሚስታው እናት» በሚለው ገጽ ላይ የሆነውን ልንገር፤ ዕዳ ዝርዝርን እንዴት ወደ ትረካ እንደሚለውጥ ያሳያልና። ጎሚስታ ቤት የሚሠራው ወጣት ደመወዙን በተቀበለ ቁጥር መጥቶ የእናቱን ገጽ ያሰርዝ ነበር፤ ባለሱቁ በገጹ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ያሰምራል፤ በቃ። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ከታወጀ በኋላ፣ በተለይም በሥርዐቱ መጨረሻ ዓመታት፣ ወጣቶች ከመንገድ ይታፈሱ ነበር። በ1982 ወጣቱ ከአስፋልት ዳር መወሰዱን ሰማሁ፤ አላየሁም። ያየሁት ደብተሩን ነው። ገጹ ሳይሰመርበት ሞላ። ባለሱቁ ለሴትዮዋ አንድም ቃል ሳይናገር ገጹን ገለጠና በአዲስ ገጽ ላይ «የጎሚስታው እናት» ብሎ ጻፈ። በ1983 ክረምት ከሰሜን የተመለሱ ወታደሮች በዚያው አስፋልት በእግራቸው ሲያልፉ ሴትዮዋ ከሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። ልጇ አልመጣም። በደብተሩ ላይ ግን ስሟ አልተለወጠም።

ይህን ታሪክ በድርደራው ስልት ብንጽፈው ምን ይሆን ነበር? «ከሱቁ አጠገብ ጎሚስታ ቤት ነበር» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር። ሐሰት የለበትም። የጎደለው ዕዳው ነው። ሰፈሩ ይዋደድ ነበር የሚለው አባባል ባዶ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፍቅሩ ምን ያህል እንዳስከፈለ፣ ማን እንደ ከፈለው፣ ማን ሳይከፍል እንደ ቀረ አይነግረንም። ባለሱቁ ገጹን መግለጡ መዋደድ ነበር፤ ነገር ግን የስኳርና የሻማ ዋጋ ነበረው።

በዚሁ ረገድ ሌላ የጎደለ ዕዳ መጠቀስ አለበት። የሰፈር ትዝታችን በአብዛኛው የወንዶች ትዝታ ነው። መንገዱም የኳስ፣ የብይና የጎማ መንዳት መንገድ ሆኖ ይቀርባል። እኅቶቻችን በዚያው አስፋልት ለወፍጮ፣ ለውሃና ለከሰል ሲመላለሱ ያዩት ሌላ መንገድ ነው፤ መሽቶ ሲመለሱ የሚፈሩትም ሌላ ነገር ነው። ጉልት የሚቸረችሩት ሴቶችም በዝርዝራችን ውስጥ ሽንኩርትና ቃሪያ እንጂ ስም የላቸውም። የዱቤ ደብተሩ እንኳ «የእገሌ እናት» ይላቸው ነበር። ትዝታ ጸሐፊው ይህን ያህል እንኳ ካልሠራ ከባለሱቁ አንሷል ማለት ነው።

7. ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

እስካሁን ባልኩት ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። መንገዶቹ እየጠፉ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም ዝርዝር፣ ደረቅም ቢሆን፣ ቅርስ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ሰው ውበቱን ሲመዝን ማስረጃው ይጠፋል የሚል ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። የሳሪስ አስፋልት በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚሄደው ቀላል ባቡር መሀሉን ይዞ ሲዘረጋ ሁለት ዳር ሆኗል፤ ልጅ ሮጦ የሚሻገርበት መንገድ ዛሬ በተወሰነ ማቋረጫ ብቻ የሚታለፍ ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳ፣ ከዚያም በካዛንቺስና በሌሎችም ቦታዎች ነባር መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ ሄደዋል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ ትዝታውን የሚያርም ሌላ ምስክር ይጠፋል። አንዱ ሲሳሳት «አይ፣ ወፍጮ ቤቱ በወዲያ በኩል ነበር» የሚለው ሰው ከእንግዲህ በአቅራቢያው የለም።

ስለዚህ ዝርዝሩ ይጻፍ በሚለው እስማማለሁ። የከተማ ታሪክ አጥኚ ነገ ይፈልገዋል። ነገር ግን የተቃውሞው ምክንያት ወደ ሌላ መደምደሚያም ይመራል። መንገዱ በነበረበት ጊዜ ድክመት ያለበት ጽሑፍ በመንገዱ ይታረም ነበር፤ አንባቢ ሄዶ ማየት ይችላልና። መንገዱ ሲጠፋ ጽሑፉ ብቻውን ይቀራል። ጣፋጩን ብቻ መርጦ የያዘ ዝርዝር ብቻውን ከቀረ ወፍጮ ቤትና ዳቦ ቤት የነበረበት፣ ዕዳም አፈሳም ወረፋም ያልነበረበት ከተማ ለልጆቻችን እናወርሳለን። ያ ከተማ ደግሞ አልነበረም።

በሌላ አገር ልምድ የተሻለ መንገድ መኖሩን ማየት ይቻላል። ጀርመናዊው ዋልተር ቤንያሚን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በስደት ሳለ የበርሊን ልጅነቱን ጽፏል፤ በመጽሐፍ መልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950፣ ከሞተ በኋላ ነው። መጽሐፉ ቦታንና ዕቃን ርእስ እያደረገ የተከፋፈለ በመሆኑ ላይ ላዩን ሲታይ ዝርዝር ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል ልጁ በዚያ ቦታ ምን እንደ ፈለገ፣ ምን እንደ ተከለከለ ስለሚያሳይ ዝርዝርነቱ ይጠፋል። ከዚህ የምንረዳው ድርደራ በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን ነው። ጥያቄው በተደረደረው ነገርና በደርዳሪው መካከል ግንኙነት አለ ወይስ የለም የሚል ነው። ይህን ለማግኘት ግን ከበርሊን መኮረጅ አያስፈልገንም፤ መላክ፣ መልስና ዱቤ የራሳችን ናቸው።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ለመግለጽ እንደ ሞከርሁት የአስፋልት ዳር ልጅነት ወደ አማርኛ ጽሑፍ የዘገየው ምስክርነት የሚያስፈልገው ነገር ሆኖ ባለመታየቱ ነው። ሲመጣም ዝርዝር ሆኖ የመጣው የቀደመው የትዝታ ጽሑፍ የነበረውን «ካየሁትና ከሰማሁት» የሚል ጥንቃቄ ትቶ በ«እኛ» ስለሚናገር ነው። ዝርዝሩ ወደ ትረካ የሚለወጠው ልጁ ለምን ወደ መንገዱ እንደ ወጣና መንገዱ ማንን ምን እንዳስከፈለ ሲገለጽ ነው።

ስለዚህ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ የሚጽፉም ሆኑ የሚመረምሩ ተማሪዎች ሦስት ነገሮችን እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ይህን ማን አየው፣ ማንስ ሰማው? ሁለተኛ፣ ልጁን ማን ላከው፣ ምን ይዞ ሄደ፣ ምን ይዞ ተመለሰ? ሦስተኛ፣ በዚህ ገጽ ላይ ያልተሰመረበት ዕዳ የማን ነው? ሦስቱን ጥያቄዎች የሚቋቋም አንድ ገጽ፣ ሱቆቹን ሁሉ ከሚቆጥር አንድ መጽሐፍ ይልቅ መንገዱን ያቆየዋል ብዬ አምናለሁ። ሥራውም ጊዜ የሚሰጥ አይደለም፤ ያዩት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ነገር ግን ባንድ ሰፈር አይኖሩም።